«ገደ ቢስ» የሚባል ሰው የለም



የፈተና ሰሞን ሲደርስ ግቢያችን ውስጥ ሁለት ነገር ይበዛል። አንዱ ሶላት ነው። በሱብሒ ጀመዓ ላይ በሌላ ጊዜ የማናያቸው ፊቶች ይታያሉ፤ አልሐምዱሊላህ። ሌላው ገድ ነው። አንዱ ባለፈው ሴሚስተር «ኤ» ያመጣበትን እስክሪብቶ ካላገኘ ፈተና ክፍል አይገባም። አንዷ ጥቁር ድመት መንገድ ካቋረጠችባት በሌላ በኩል ዞራ ትሄዳለች። የግራ ዐይኑ የተርገበገበበት «ዛሬ ጥሩ ነገር አልሰማም» ይላል፤ መዳፉን የበላው ደግሞ ከቤት ብር ይጠብቃል። ቴሌግራም ላይም «ይህን ዱዓእ ለ10 ሰው ላክ፤ ማታ የምሥራች ትሰማለህ፤ ችላ ካልክ ግን ወዮልህ» የሚል መልእክት ይዞራል። ላኪውም ተቀባዩም ሙስሊም ነው።

«ቀልድ ነው፤ ማን ያምነዋል?» ብለን ስቀን እናልፋለን። እኛም እስካለፈው ሴሚስተር ድረስ እንዲሁ እንል ነበር።

አንዲት የመጀመሪያ ዓመት እህታችን ነበረች። እሷ ዶርም በገባች በአንድ ወር ውስጥ የአንደኛዋ ልጅ ስልክ ተሰረቀ፤ የሁለተኛዋ አባት ታመሙ፤ ሦስተኛዋ ሚድ ፈተና ወደቀች። አንድ ማታ አንዷ እየሳቀች «አንቺ ከመጣሽ ወዲህ እኮ...» አለቻት። ከሳምንት በኋላ ሳቁ ቀረ፤ ነገሩ ግን አልቀረም። ልጆቹ ጠዋት ወደ ፈተና ሲወጡ ፊቷን እንዳያዩ ብርድ ልብሷን ተከናንባ ትጠብቃቸው ጀመር። በመጨረሻ ዶርም ይቀየርልኝ ብላ አመለከተች። እኛ ይህን ያወቅነው ከቁርኣን ሐለቃችን ለምን እንደቀረች ስንጠይቃት ነው። «በእኔ ምክንያት እናንተንም አንድ ነገር እንዳያገኛችሁ ብዬ ነው» አለችን። ከዶርም ጓደኞቿ ሁለቱ ሰኞና ሐሙስ የሚጾሙ እህቶች ናቸው።

ያን ቀን ቀልድ አለመሆኑ ገባን።

ዑለማዎቻችን ይህን ነገር «ጢየራ» ይሉታል። ቃሉ «ጠይር» ማለትም ወፍ ከሚለው ጋር አንድ ሥር አለው። በጃሂሊያ ዘመን ዐረቡ ጉዞ ሲያስብ ወፍ ያስነሣ ነበር፤ ወደ ቀኝ ከበረረች ይሄዳል፣ ወደ ግራ ከበረረች ይመለሳል። የሰውዬውን ንግድ፣ ጋብቻና ጉዞ የምትወስነው ምንም የማታውቅ ወፍ ነበረች። የእኛስ ድመትና እስክሪብቶ ከዚያች ወፍ በምን ይሻላሉ?

ቁርኣን ይህን ባህል ስንት ጊዜ እንዳነሣው እናስተውል። የፊርዐውን ሰዎች ደግ ዘመን ሲመጣ «የእኛ ነው» ይሉ ነበር፤ ክፉ ሲያገኛቸው ግን በሙሳና ከእሳቸው ጋር ባሉት ያሳብቡ ነበር። የሰሙድ ሕዝቦች ሷሊሕን እንዲሁ አሏቸው። በሱረቱ ያሲን የተጠቀሰችው ከተማ ሰዎችም ወደ እነሱ የተላኩትን መልእክተኞች በገደ ቢስነት ከሰሱ። በሦስቱም ቦታ ገደ ቢስ የተባሉት የአላህ መልእክተኞች ናቸው፤ ባዮቹ ደግሞ የራሳቸውን ጥፋት ማየት ያልፈለጉ ሰዎች። አንድን ሰው «ገደ ቢስ» ስንል በየትኛው ወገን ቆመን እንደምንናገር እናስብ። ስልኩን የሰረቀው ሌባ ነው። ፈተናው ያስወደቀው ደግሞ ያልተነበበው ሃንድአውት ነው።

ረሱላችን (ሰ.ዐ.ወ) ጢየራን በግልጽ ውድቅ አድርገዋል። የሰፈር ወር ክፉ ነው የሚለውንም እንዲሁ። ዐረቦች በሸዋል ወር መጋባትን ይፈሩ ነበር፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ግን የተዳሩት በዚሁ በሸዋል እንደነበር ራሳቸው ይናገሩ ነበር። ከሁሉም በላይ ልባችንን የሚነካው የኢብራሂም ታሪክ ነው። የረሱል ልጅ ሕፃኑ ኢብራሂም በሞተበት ቀን ፀሐይ ተጋረደች፤ የሥነ ፈለክ ሊቃውንት ቀኑን እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ጥር 27 ቀን 632 ነው ይሉታል። ሰዎች «ፀሐይ ለኢብራሂም ሞት ጨለመች» አሉ። ይህ ለእሳቸው ክብር የሚጨምር ወሬ ነበር። ዝም ቢሉ ማን ይጠይቃቸው ነበር? እሳቸው ግን ልጃቸውን በቀበሩበት ሐዘን ውስጥ ሆነው፣ ፀሐይና ጨረቃ የአላህ ታምራት እንደሆኑ፣ ለማንም ሞት ወይም ሕይወት እንደማይጋረዱ አስተማሩ፤ ሰዉንም ወደ ሶላትና ዱዓእ መለሱት። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ሰማይ ላይ ፀሐይ እንደ ቀለበት ሆና ስትታይ፣ ከ1,300 ዓመት በላይ የቆየውን ይህን ትምህርት ረስተን ስንት ነገር አወራን?

«ግን እኮ ይደርሳል!» የሚል ይኖራል። የሚደርሰውን እናስታውሳለን፣ ያልደረሰውን እንረሳለን። ድመት አይተን ፈተና የቀናን ቀን ድመቷን ማን ያስታውሳታል? በፈተና ሰሞን ዐይን የሚርገበገበው እንቅልፍ ስላጣን፣ ስለተጨነቅንና ቡና ስላበዛን ነው። 13 ቁጥርን የሚፈሩ አገሮች አሉ፤ የእኛ አገር ደግሞ «የ13 ወር ፀጋ» ብላ ቱሪስት ትጠራበት ነበር። ቁጥሩ አንድ ነው፤ የተለያየው የሰዉ ወሬ ነው።

«ዐይንስ ሐቅ አይደለም ወይ?» ብሎ የሚጠይቅም አይጠፋም። አዎ፣ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ሐቅ ነው ብለዋል። መጠበቂያውን ግን አብረው ሰጥተውናል፤ ሱረቱል ፈለቅ፣ ሱረቱ ናስ፣ የጠዋትና የማታ ዚክር። የሚያምረንን ነገር ስናይም በረካ እንድንለምንለት ታዘናል። ከዚህ ውስጥ አንድን ሰው በጥርጣሬ ማግለል የለም፤ በአንገት የሚንጠለጠል ሂርዝም የለም።

ልብ ላይ ሽው የሚል ፍርሃት ሁላችንንም ያገኘናል። ሶሓባው ዐብደላህ ኢብን መስዑድም (ረ.ዐ) ይህ ስሜት ማንንም እንደማይለቅ፣ አላህ ግን በተወኩል እንደሚያስወግደው ተናግረዋል። ጥፋቱ ስሜቱ ሲመጣ ሳይሆን ከመንገዳችን ሲመልሰን ነው። ስለዚህ ድመቷን አይተን ቢስሚላህ ብለን እንለፍ። ውሳኔ ከከበደን ሁለት ረከዓ ሰግደን የኢስቲኻራ ዱዓእ እናድርግ። ግመሉን አስሮ በአላህ መመካት የተማርነው ከረሱላችን ነው፤ የተማሪ ግመል ደግሞ ደብተሩ ነው። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) መልካም ቃል መስማት ይወዱ ነበር። ወደ ፈተና የሚሄደውን ወንድማችንን «አላህ ያግራልህ» ማለት ሱናን የተከተለ ነው፤ ተስፋ ይሰጣል እንጂ ማንንም አያሸማቅቅም።

ከዚህ ሴሚስተር ጀምሮ በጀመዓችን ሦስት ነገር እንስማማ። አንድ፤ «ለ10 ሰው ላክ» የሚለው መልእክት እኛ ጋ ሲደርስ ይቁም። ሁለት፤ «ገደ ቢስ» እና «እግረ ደረቅ» የሚሉትን ቃላት በቀልድም ቢሆን ከአፋችን እናውጣ። ሦስት፤ በዚህ ቃል የተጎዳ ወይም የተጎዳች ካለች ፈልገን አፉ በሉን እንበል።

ያቺ እህታችን አሁን በአዲሱ ዶርሟ ነች። የቀድሞ ጓደኞቿ ባለፈው ጁምዓ ይዘውን ሄደው አፉ አስባሏት። ሐሙስ ዕለትም ሐለቃ መጥታ ከመካከላችን ተቀመጠች። ቀጥሎ የመጣው ፈተና ለአንዳንዶቻችን ቀና፣ ለአንዳንዶቻችን ከበደ፤ እንደ ንባባችን፣ ከሁሉም በላይ እንደ አላህ ቀደር።

አላህ ልባችንን በእሱ ብቻ የሚመካ ያድርግልን። ፈተናውንም ያግራልን። ኣሚን።