የጨረር ማሽኑስ ይገዛ፤ ዓይኑስ?

በአገራችን ስለ ጨረር ሕክምና የሚነሳው ክርክር ዘወትር በማሽን ቁጥር ጀምሮ በማሽን ቁጥር ያልቃል። አይገርምም። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ከሃያ ዓመታት በላይ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ሕክምና ማዕከል ሆኖ፣ ያውም በኮባልት መሣሪያ፣ ሲያገለግል ኖሯል። ወረፋው ወራት በሚፈጅበት ሁኔታ «ማሽን ይጨመር» ቢባል ማን ይቃወማል? የእኔ ጥያቄ ግን ሌላ ነው። ታካሚዋ ጠረጴዛው ላይ ከተኛች በኋላ ጨረሩ የታለመለትን ቦታ ማግኘቱ የሚረጋገጠው በምንድነው?

የማኅፀን በር ካንሰርን እንውሰድ። ከውጭ የሚሰጠው ጨረር አብዛኛውን ጊዜ በ25 ቀጠሮ፣ አምስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። ዕቅዱ የሚወጣው ግን በአንድ ቀን በተነሳ ሲቲ ስካን ነው። ከዚያ በኋላ ባለሙያው ቆዳ ላይ ያሉትን ምልክቶች ከግድግዳው የሌዘር መስመር ጋር ያገጣጥማል። ችግሩ ቆዳ የሚናገረው ስለ ቆዳ መሆኑ ነው። ፊኛ ሲሞላ ማኅፀን ይገፋል፣ አንጀት በጋዝ ሲነፋ የማኅፀን በር ቦታውን ይለቃል። ዳሌዋ ትናንት በነበረበት ሆኖ ዕጢው ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ሊሸሽ ይችላል።

ይህ የንድፈ ሐሳብ ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 በአሜሪካ የኤምዲ አንደርሰን የካንሰር ማዕከል ሐኪሞች የ127 የፕሮስቴት ካንሰር ታካሚዎችን መዝገብ መርምረው ያሳተሙት ጥናት አለ። የዕቅዱ ሲቲ በተነሳበት ቀን የመጨረሻው የአንጀት ክፍላቸው ተወጥሮ የነበሩ ወንዶች፣ በሽታው ተመልሶ የመምጣቱ ዕድል ከሌሎቹ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። በዚያች ቀን ፕሮስቴቱ ወደ ፊት ተገፍቶ ነበር፤ በቀጣዮቹ ሳምንታት አንጀቱ ሲረግብ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ ጨረሩ ግን እዚያው የታቀደለት ቦታ ላይ ቀረ። በየዕለቱ በምስል የሚያየው አልነበረም። ልብ በሉ፣ ማሽኑም ሐኪሙም ዓለም የሚቀናበት ነው።

መፍትሔው ምስል ነው። ቀላሉ ዓይነት አጥንትን ብቻ ያሳያል፤ የዳሌን አቀማመጥ ለማረም ይበቃል፣ ስለ ማኅፀን ግን ዝም ይላል። እነ ዴቪድ ጃፍሬይ በ2000ዎቹ መጀመሪያ በሚሺጋን ዊልያም ቦሞንት ሆስፒታል ከጨረር ማሽኑ ጋር ያዋሐዱት ኮን ቢም ሲቲ ለስላሳውን አካል ጭምር ያሳያል። ከዕቅዱ ጋር ይነጻጸራል፣ ጠረጴዛው በሚሊ ሜትር ይስተካከላል፣ ከዚያ ይታከማል።

ታዲያ በየቀኑ ይነሳ? እዚህ ላይ ጥድፊያ አያስፈልግም። በፈረንሳይ በ21 ማዕከላት 470 የፕሮስቴት ታካሚዎችን በማሳተፍ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመው ሙከራ የዕለቱን ምስል ከሳምንታዊው ጋር አነጻጽሯል። የዕለት ምስል የአንጀት ጉዳትን ቀንሷል፣ በደም ምርመራ የሚታየውን የበሽታ ማገርሸትም እንዲሁ። በአጠቃላይ በሕይወት መቆየት ላይ ግን ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ የዕለቱ ቡድን ባሰ። ምክንያቱ ገና አከራካሪ ነው። ለእኛ ደግሞ እያንዳንዱ ምስል ደቂቃ ነው፤ ደቂቃው የሌላ ታካሚ ወረፋ ነው። በእኔ ግምት በመጀመሪያዎቹ ቀናት በየዕለቱ፣ ከዚያ ቢያንስ በየሳምንቱ ማረጋገጥ የሚቻል ወለል ነው። ከሕክምናው በፊት ሸንቶ፣ የተወሰነ ውኃ ጠጥቶ፣ የተወሰነ ደቂቃ መጠበቅ ደግሞ የውጭ ምንዛሪ አይጠይቅም።

የሕግ ሰው ነኝና ወደ ቤቴ ልመለስ። የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2031 ባለሙያ የሙያውን ደንብ እንዲጠብቅ ያስገድዳል። ነገሩ ፍርድ ቤት ቢደርስ ዳኛው «ደንቡ የትኛው ነው? መጠበቁስ በምን ይታወቃል?» ማለታቸው አይቀርም። ሆስፒታሉ በየስንት ቀኑ ምስል እንደሚነሳ፣ ስንት ሚሊ ሜትር ሲያልፍ ሕክምናው እንደሚቆም፣ ማን እንደሚፈርም በጽሑፍ ካላኖረ፣ ታካሚዋም ማስረጃ የላትም፣ ሥራውን በአግባቡ የሠራው ባለሙያም መከላከያ የለውም። የቀኑ ምስል ከነፊርማው በመዝገቡ ቢቀመጥ ሁለቱንም ያድናል።

ስለዚህ የሚቀጥለው የማሽን ግዥ የጨረታ ሰነድ ሲዘጋጅ የምስል መሣሪያው፣ የጥገና ውሉና የባለሙያዎቹ ሥልጠና ከዋጋው ጋር በአንድነት ይግቡ፤ «በሁለተኛው ዙር» አይባል።