ሰሌዳውን መልሱልን

የድሬዳዋ ወጣት ሆይ፣ ባለፈው ወር ከወጣቶች ክፍላችን የቼዝ ሰሌዳው ተነሣ። ምክንያቱን ስንጠይቅ፣ «ጊዜ ይበላል፤ ደግሞም የጦርነት ጨዋታ ነው» ተባልን። እሺ፣ ተነሣ። ታዲያ ከዚያ ወዲህ ምን አደረግን? ፕሮግራም እስኪጀመር በየጥጉ ተቀምጠን ስልካችን ላይ አቀርቅረናል። እዚያም የምንጫወተው ጦርነት ነው፤ ማንም አያየንም እንጂ።

ጨዋታው ባዕድ ነው የሚል ካለ ይስማ። ሰንጠረዥ በነገሥታትና በመኳንንት ቤት ለዘመናት የኖረ የራሳችን ቼዝ ነው። ሰሌዳው ብዙ ጊዜ ቀይ ጨርቅ ነበር፤ መስመሮቹ ጥቁር ወይም ሰማያዊ። ሲጀመር ተራ መጠበቅ የለም፤ የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ሁለቱም እንደ ፍጥነታቸው ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ። ይህ «ወረራ» ይባላል። ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው። በኃይለኞቹ ጠጠሮች መርታት ብዙም አያስከብርም፤ የሚያስመሰግነው በደካሞቹ ንጉሡን መያዝ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1805 ወደ ትግራይ የዘለቀው እንግሊዛዊ ሄንሪ ሶልት፣ ራስ ወልደ ሥላሴ ሲጫወቱ ተመልካቹ፣ አገልጋዮች ሳይቀሩ፣ በጩኸት ምክር ይሰጥ እንደነበር ገልጿል። በሌላ ጊዜ በራስ ፊት ቀና ብሎ የማይናገር ሰው በሰሌዳው ዙሪያ አፍ ነበረው።

ዛሬ ሰንጠረዥ ጠፍቷል ማለት ይቻላል። ቦታውን ዓለም አቀፉ ቼዝ ወሰደ፤ በውድድር ላይ ሰዓት ተቀመጠ፣ ተመልካችም ዝም እንዲል ታዘዘ። አሁን ደግሞ ስልኩ ባላጋራችንን ጭምር አስቀረው፤ ከማሽን ጋር እንጋጠማለን። ጦርነቱ እንዳለ ነው፤ ከጨዋታው እየተቀነሰ የመጣው ሰው ነው።

መሪዎቻችን ሆይ፣ ስጋታችሁን አንንቅም። ጨዋታ ጥናትን ሲያስረሳ፣ ገንዘብም ሲያዝበት ጉዳት ነው። እንግዲያው ሰዓት ወስኑልን፤ ውርርድን ከልክሉ። ሰሌዳውን ግን መልሱልን። ሰሌዳ አንሥቶ ስልክን ዝም ማለት ግን በሩን ዘግቶ መስኮቱን መክፈት ነው።

አንተም ወንድሜ፣ አንቺም እህቴ፣ እስኪመለስ አትጠብቁ። ቅዳሜ ሙቀቱ በረድ ሲል ጨርቅ ላይ መስመር አስምራችሁ ኑ፤ ለጠጠር የለስላሳ ቆርኪ ይበቃል። ዳር የሚቀመጠውን ያን ዝምተኛ ልጅም ጥሩትና «የቱን ላንቀሳቅስ?» በሉት።