ርካሽ አገር የሚባል ነገር የለም

አዲስ አበባ ላደገ ሰው ሜክሲኮ አገር ከመሆኑ በፊት ታክሲ መያዣ ነው። «ሜክሲኮ፣ ሜክሲኮ፣ አንድ ሰው!» የሚለውን የረዳት ጩኸት እየሰማሁ ነው ያደግኩት። አደባባዩ ለምን በዚያ ስም እንደተጠራ የገባኝ ቆይቶ ነው፤ ጣሊያን ኢትዮጵያን ስትወር ወረራውን አንቀበልም ካሉት ጥቂት አገሮች አንዷ ሜክሲኮ ነበረች። እነሱም ዋና ከተማቸው ውስጥ «ኢትዮጵያ» የሚባል የምድር ባቡር ጣቢያ አላቸው። እና ባለፈው ዓመት ጓደኛዬ ደውሎ «ሜክሲኮ ነኝ፣ ና» ሲለኝ መጀመሪያ ሳቅኩ፤ «ቡናና ሻይ ጋ ጠብቀኝ» አልኩት።

ከዚህ ልጅ ጋር የምንተዋወቀው ከአምስት ኪሎ ነው። ሁለታችንም ኮድ ጽፈን ነው የምንበላው። እኔ ሜሪላንድ ነኝ፣ እሱ ሲያትል ነበር። አሁን ደመወዙ ሲያትል ቀርቶ ራሱ አሂሂክ ገብቷል። አሂሂክ በሐሊስኮ ክልል፣ በቻፓላ ሐይቅ ሰሜናዊ ዳርቻ ያለች መንደር ናት። ከጓዳላሃራ ከተማ በመኪና አንድ ሰዓት ገደማ ቢሆን ነው።

መንደሯ ታምራለች፤ ይህን መካድ አይቻልም። መንገዱ ኮብልስቶን፣ ግድግዳው ሁሉ በቀለም የተሳለ፣ ከጀርባ ተራራ፣ ከፊት በሜክሲኮ ትልቁ ሐይቅ። ትንንሽ ዓሣ ጠብሰው በሎሚ ይሰጡሃል፣ ከነጭንቅላቱ ትበላዋለህ። አየሩ የባህር ዳር ነው ብል ማጋነን አይሆንም። ውሃው ዳር ስንደርስ ደግሞ ምን ባይ ጥሩ ነው? እምቦጭ! «እንዴ፣ ይሄ እዚህም አለ?» ብዬ ጮኽኩ። ጣናን የወረረው ያው አረንጓዴ መዓት፣ እነሱ ሊሪዮ ይሉታል። ከደቡብ አሜሪካ ተነስቶ ዓለምን ያዳረሰ ተክል ነው። አበባው ሲያዩት ደስ ይላል፤ ሥራውን የምታውቀው ከሥሩ ያለው ውሃ አየር ሲያጣ ነው።

ለጠብ አልነበረም የሄድኩት። ያጣላን አንድ ቃል ነው። በአምስት ቀን ውስጥ ጓደኛዬ «ርካሽ» የሚለውን ቃል ስንት ጊዜ እንዳለ መቁጠር አቃተኝ። ኪራዩ ርካሽ፣ ምግቡ ርካሽ፣ የጥርስ ሐኪሙ ርካሽ፣ አትክልቱን የሚንከባከቡት ሰው ርካሽ። ሦስት ክፍልና ግቢ ያለው ቤት ተከራይቶ፣ ሲያትል ለአንዲት ስቱዲዮ ይከፍል ከነበረው በታች ነው የሚከፍለው። ኪራዩን የሚከፍለው በዶላር ነው። የሜክሲኮ ገንዘብ ፔሶ መሆኑን ልብ በሉልኝ።

እስቲ እንደ መሐንዲስ እናስበው። ርካሽነት የቤቱ ባሕርይ አይደለም። ቤቱ ጣሪያ አለው፣ ግድግዳ አለው፣ ውሃ አለው፤ «ርካሽነት» የሚባል ክፍል ግን የለውም። ርካሽነት የማካፈል ውጤት ነው፤ ኪራዩን ለገቢህ ታካፍለዋለህ። አካፋዩ የሲያትል ደመወዝ ሲሆን ውጤቱ ትንሽ ይሆናል። አካፋዩን የአትክልተኛው ደመወዝ አድርገውና ድጋሚ አስላው። ያው ቤት፣ ያው ግድግዳ፣ ግን በዕድሜያቸው ካዩት ሁሉ ውዱ ቤት ሆነ። «ይህ አገር ርካሽ ነው» የሚል ሰው ስለ አገሩ አንድም ነገር አልነገረህም። የነገረህ ደመወዙን ነው።

አትክልተኛውን በጓደኛዬ አስተርጓሚነት አነጋገርኳቸው። የተወለዱት እዚያው አሂሂክ፣ ከሐይቁ ሁለት መንገድ ገባ ብሎ ነው። አሁን የሚኖሩት ራቅ ያለ መንደር ውስጥ ነው፤ በየቀኑ በአውቶቡስ እየመጡ የተወለዱበትን ሰፈር አበባ ያጠጣሉ። አላማረሩም። «ልጆቼ ቤት መሥራት የሚችሉት እዚያ ነው» አሉ፣ ቱቦውን ሳይለቁ። ጓደኛዬ ይህን ሲተረጉም ድምፁ ትንሽ ወረደ። እኔም ያኔውኑ አፌን ከፈትኩ።

መልስ አላጣም። የመጀመሪያው መልሱ «ሥራ ፈጥሬላቸዋለሁ» ነው። እውነት ነው፣ ፈጥሯል። ግን ሰውን ከሰፈሩ የሚያስወጣ ኪራይ ከፍለህ፣ ተመልሶ በአውቶቡስ እንዲያገለግልህ ስትቀጥረው፣ ውለታ ነው የምትለው? ሁለተኛው መልሱ «እኔ አልጀመርኩትም» ነው። ይሄም እውነት ነው። የአሜሪካና የካናዳ ጡረተኞች እዚያ መስፈር ከጀመሩ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፤ በ2020 እ.ኤ.አ. ደግሞ መንግሥት ራሱ አሂሂክን «አስማታዊ መንደር» ብሎ ለቱሪስት መዝግቧታል። የሜክሲኮ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 27 የውጭ ሰው ከባሕር ዳርቻ 50 ኪሎ ሜትር፣ ከድንበር ደግሞ 100 ኪሎ ሜትር ውስጥ መሬት በቀጥታ በስሙ እንዳይይዝ ይከለክላል። ቻፓላ ግን መሀል አገር ነው፤ ክልከላው አይደርስበትም። ኪራይን ደግሞ ቀድሞም አይመለከተውም። ስለዚህ ሕግ አልጣሰም። ግን ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ አለመጣስ ጎረቤት መሆን የሆነው?

ሦስተኛው መልሱ ነው ያደከመኝ። «ስማ ወንድሜ፣ እኔ እኮ ፈረንጅ አይደለሁም። አንድ ክፍል ቤት ውስጥ አምስት ሆነን ነው ያደግነው። ሲያትልም ኪራይ ነው ያባረረኝ። ሌላው ሲያደርገው ጡረታ፣ እኔ ሳደርገው ወንጀል?» ሌሊቱን ሙሉ አሰብኩበት። እውነቱን ነው፣ የተገፋ ሰው ማረፊያ መፈለጉ ወንጀል አይደለም። ኪራይ ወረራም አይደለም፤ በአደባባያችን ስም እየማልኩ ልጁን ፋሺስት ላደርገው አልፈልግም። ግን የተገፋ ሰው ሌላውን ሲገፋ፣ የመጀመሪያው መገፋት ለሁለተኛው ደረሰኝ አይሆንለትም። እንዲያውም ከጡረተኛው ይልቅ እሱ ነው ማወቅ ያለበት፤ ቀምሶታላ።

ይህን ሁሉ ንፁህ ሆኜ የምናገር እንዳይመስላችሁ። በ2015 ክረምት አዲስ አበባ ገብቼ ገርጂ አካባቢ ዕቃ የተሟላለት ኮንዶሚኒየም ለሁለት ወር ተከራይቼ ነበር። ባለቤቱ የጠራውን ዋጋ ሳልከራከር ከፈልኩ። በልቤ በዶላር አስልቼ «ምንም አይደለም» አልኩ። ልወጣ ሳምንት ሲቀረኝ ከጎን ያሉት ተከራይ፣ ጠዋት ጠዋት ቡና የሚጠሩኝ እናት፣ ደረጃው ላይ አገኙኝ። «ልጄ፣ ሳትከራከር ከፈልክ አሉ» አሉኝ። የሳቸው ቤት ባለቤት ያንን ሰምቶ ጨምሪ ብሏቸዋል። አልተቆጡኝም። እኔ ግን የት እንደምገባ ጠፋኝ። «ምንም አይደለም» ያልኩት ገንዘብ ለሳቸው ሁሉም ነገር ነበር።

ስለዚህ ነገሩ የሜክሲኮ ብቻ አይደለም። ከሐምሌ 2016 ጀምሮ ብር በገበያ እንዲመራ ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከ100 አለፈ። በዚያ ሰሞን የእኛ ግሩፕ ውስጥ «አሁን ነው ቤት መግዛት» የሚል መልእክት ስንት ጊዜ ተላከ? የእህታችሁ ደመወዝ ግማሹ የጠፋበትን ወር እኛ ቅናሽ ብለን ጠራነው። በ2017 ደግሞ የውጭ ዜጎች ቤት ባለቤት እንዲሆኑ የሚፈቅድ አዋጅ ጸደቀ። አዋጁ ጥሩ ነው መጥፎ ነው የሚለው ሌላ ክርክር ነው። እኔ የምለው፣ ነገ አንድ የሲያትል ልጅ ጣና ዳር ቁጭ ብሎ ለጓደኛው ደውሎ «ና፣ ርካሽ ነው» ሲል፣ ያ ቃል በአማርኛ ጆሯችን እንዴት እንደሚሰማን አሁኑኑ እንለማመደው።

አትሂዱ አላልኩም። ሐይቅ ዳር መኖር ማን ይጠላል? ግን ሄደህ ከኖርክ ቋንቋቸውን ተማር፤ ረቡዕ ረቡዕ የሚቆመው የመንገድ ገበያ ላይ በእንግሊዝኛ አትጩኽ። ኪራይህን በአገሩ ገንዘብ ተዋዋል። የምታሠራውን ሰው «ርካሽ» አትበል፤ ለሥራው ክፈለው እንጂ። ከሁሉ በላይ፣ በር ላይ ቆመህ ዋጋ ሲጠሩልህ ደመወዝህን እርሳውና አንድ ጥያቄ ጠይቅ፦ ጎረቤቴ ስንት ይከፍላል? ከዚያ በላይ አትክፈል። ለገንዘብህ ብለህ አይደለም፤ ለጎረቤትህ ብለህ ነው።

ጓደኛዬ አሁንም የቤት ፎቶ ይልክልኛል። የትናንትናው ሐይቁን ፊት ለፊት ያያል፣ በረንዳው ላይ የሚወዛወዝ አልጋ አለው። ዋጋውን በዶላር ነው የጻፈው። «በፔሶ ስንት ነው? ከጎንህ ያሉትስ ስንት ይከፍላሉ?» ብዬ መለስኩለት። አይቶታል፤ እስካሁን አልመለሰም።