የቀን መብራትን ማሰናከል የባለንብረቱ ጉዳይ ብቻ ነውን?

ሞተር ሲነሣ ከአሽከርካሪው ትእዛዝ ሳይጠብቅ የሚበራውን የመኪና የቀን መብራት ጨርሶ ማሰናከል የሚፈልጉ ባለመኪኖች ጥቂት አይደሉም። አንዱ ፊውዝ ይነቅላል፤ ሌላው የመኪናውን የኮምፒውተር ቅንብር ያስለውጣል። ምክንያታቸውም አምፖሉ ቶሎ ይቃጠላል፣ ነዳጅ ይባክናል፣ ባለቤትም በንብረቱ ላይ ያዝዛል የሚል ነው። ይህ ክርክር ግን መሠረታዊውን ነጥብ ይስታል። የቀን መብራት የተሠራው አሽከርካሪው መንገዱን እንዲያይበት ሳይሆን ሌላው መንገደኛ መኪናውን እንዲያይ ነው።

ስዊድን እ.ኤ.አ. በ1977 በቀን መብራት አብርቶ መንዳትን ግዴታ አደረገች። ካናዳ ከዲሴምበር 1989 ጀምሮ ለሚመረቱ አዳዲስ መኪኖች፣ የአውሮፓ ኅብረት ደግሞ ከፌብሩዋሪ 2011 ጀምሮ ለአዳዲስ የመኪና ሞዴሎች ይህንኑ ደነገጉ። የሦስቱም ዓላማ በቀን የሚመጣ መኪና ቀድሞ እንዲታይ ማድረግ ነው።

ተቃውሞው መሠረት የለውም ማለት ግን አይቻልም። በቀደሙት መኪኖች የፊት መብራቱ ራሱ በተቀነሰ ኃይል ቀኑን ሙሉ ስለሚበራ የአምፖሉ ዕድሜ ያጥራል። ሞተር ብስክሌተኞችም መብራታቸው በመኪኖች መብራት መካከል ይዋጣል ብለው ይሠጋሉ። የአሜሪካ የአውራ ጎዳና ትራፊክ ደኅንነት አስተዳደር እ.ኤ.አ. በ2008 ባወጣው ጥናት በአብዛኞቹ የተመረመሩ የአደጋ ዓይነቶች ላይ ስታቲስቲካዊ ጉልህነት ያለው ለውጥ አላገኘም፤ በ2009ም መብራቱ ግዴታ እንዲሆን ከጄኔራል ሞተርስ የቀረበለትን ጥያቄ ውድቅ አድርጓል።

ይህ ማስረጃ መንግሥት ሕግ ያውጣ ወይስ አያውጣ በሚለው ጥያቄ ላይ ሊመዘን ይገባዋል። ሕጉ በጸናበት አገር ለአንድ ባለመኪና ብቻውን የማሰናከል ፈቃድ ሊሆን ግን አይችልም። አብዛኛው መኪና በሚያበራበት መንገድ እግረኛው ብርሃንን የእንቅስቃሴ ምልክት አድርጎ ይለምዳል፤ ያልበራው መኪና የቆመ ሊመስለው ይችላል። ትርፉ ለባለቤቱ ጥቂት ነዳጅና አምፖል ሲሆን፣ ስሕተቱ የሚያስከትለው ዕዳ ግን በማያውቀው ሰው ላይ ይወድቃል።

ከሁሉ የሚከብደው ቅሬታ ሌላ ነው። ዳሽቦርዱ በርቶ፣ ከፊትም ብርሃን እየታየው፣ አሽከርካሪው መብራቱ ሁሉ የበራ ይመስለዋል፤ በምሽት የኋላ መብራቱ ጠፍቶ ይነዳል። ካናዳ ለዚህ የሰጠችው መልስ የቀን መብራቱን ማስቀረት አልነበረም። ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ አዳዲስ መኪኖች የኋላ መብራታቸው ከቀን መብራቱ ጋር እንዲበራ፣ ወይም ሲጨልም መብራቶቹ ሁሉ ራሳቸው እንዲበሩ፣ ወይም ዳሽቦርዱ ጨልሞ አሽከርካሪውን እንዲያስታውሰው አዘዘች።

መፍትሔውም በዚሁ አቅጣጫ ይገኛል። ለቀን ብቻ የተሠራ አነስተኛ ኃይል የሚወስድ የኤልኢዲ መብራት የነዳጁንና የአምፖሉን ቅሬታ በእጅጉ ያቃልላል፤ ጨለማን የሚለይ መሣሪያ ደግሞ የኋላውን ያበራል። የንድፍ ጉድለት በንድፍ ይታረማል እንጂ ፊውዝ በመንቀል አይታረምም። መኪናው የባለቤቱ ንብረት ነው፤ መታየቱ ግን የመንገደኛው ሁሉ ጥቅም ነው።