የመጽሔት ልደት በምን ይከበራል?

የዚህች መጽሔታችን ልደት ሲከበር አንድ ስመ ጥር የልብ ወለድ ደራሲ ተጋብዞ ንግግር ያድርግልን የሚል ሐሳብ ባለፈው ሳምንት በማኅበራችን ስብሰባ ላይ ቀርቦ ነበር። ሐሳቡ በሞቀ ጭብጨባ ተደገፈ። ወዲያው አዘጋጁ ተነሥቶ ለሚቀጥለው ቍጥር የደረሰውን ጽሑፍ ሲዘረዝር ግን አዳራሹ ጸጥ አለ፤ ሁለት ግጥምና አንድ የእግር ኳስ ወሬ ብቻ ነበርና። እኔ ድግሱን አልቃወምም፤ ሻዩም ዳቦውም ይምጣ። ነገር ግን ደራሲ የሆነ ሰው የአንድን መጽሔት ልደት የሚያከብረው በምን እንደ ሆነ ሳንጠይቅ ወንበር ወደ መደርደሩ የቸኰልን ይመስለኛል። ለዚህ ጥያቄ የሚረዳን የአንድ አፍሪካዊ መጽሔት ታሪክ አለ። ዓመቶቹን በአውሮፓ አቈጣጠር እጽፋለሁ።

«ትራንዚሽን» የተባለው የእንግሊዝኛ መጽሔት በኖቬምበር 1961 በካምፓላ ከተማ ሲወጣ ኡጋንዳ ገና ነጻ አልወጣችም ነበር፤ ነጻነቷን ያገኘችው በኦክቶበር 1962 ነው። እንግዲህ መጽሔቱ ከነጻው መንግሥት በዕድሜ ይበልጣል ማለት ነው። መሥራቹ ራጃት ኒዮጊ ትውልዱ ከሕንድ የሆነ የካምፓላ ተወላጅ ሲሆን ያን ጊዜ የ22 ዓመት ወጣት ነበር። ከመካከላችን «ገና ልጅ ነኝ» እያለ የሚያመካኝ ካለ ይህችን ቍጥር ልብ ይበላት።

በዚያው ዘመን በካምፓላ፣ በማከሬሬ ኰሌጅ አንድ ኬንያዊ ተማሪ ነበር። የኰሌጁ የእንግሊዝኛ ክፍል «ፔንፖይንት» የምትባል የተማሪዎች መጽሔት ነበረችው። ይህ ተማሪ አንድ ቀን በመጽሔቲቱ ሥራ ይረዳ የነበረውን ጆናታን ካሪያራን አግኝቶ አጭር ልብ ወለድ መጻፉን ይነግረውና እንዲያይለት ይለምነዋል። ነገሩ ውሸት ነበር፤ አንዲት መሥመር እንኳ አልጻፈም። ካሪያራ ግን እሺ ብሎ «አምጣው» በሚል ዐይን ስለ ተመለከተው መግቢያ አጣና ቁጭ ብሎ ጻፈው። ያ ተማሪ ንጉጊ ዋ ቲዮንጎ ነው። የመጀመሪያ ድርሰቱ በ1960 በፔንፖይንት ታተመ፤ በ1962 ደግሞ ሌላ አጭር ልብ ወለዱ በትራንዚሽን ወጣ። የመጀመሪያው ረዥም ልብ ወለዱ ለንባብ የበቃው በ1964 ነው። ልብ በሉ፤ ሁለቱም መጽሔቶች የተቀበሉት ስሙ የታወቀውን ደራሲ ሳይሆን ማንም የማያውቀውን ተማሪ ነው።

ትራንዚሽን ግን ልብ ወለድ ብቻ አላተመም። በ1963 ኦቢ ዋሊ የተባለ ናይጄሪያዊ፣ አፍሪካዊ ደራሲ በእንግሊዝኛና በፈረንሳይኛ እየጻፈ የአፍሪካን ሥነ ጽሑፍ አሳድጋለሁ ቢል መንገዱ መውጫ የለውም የሚል ጽሑፍ አወጣበት። ጩኸቱ ትልቅ ነበር። በ1965 ቺኑዋ አቼቤ በዚያው መጽሔት ለእንግሊዝኛ ጠበቃ ሆኖ ቀረበ። (በአማርኛ ለምንጽፈው ለእኛ ክርክሩ የሩቅ ዘመድ ለቅሶ ይመስላል፤ ነገር ግን የትምህርት ክፍላችንን የመመረቂያ ጽሑፎች ቋንቋ ያየ ሰው ለቅሶው ከቤታችን እንደ ደረሰ ያውቃል።) ንጉጊ ከብዙ ዓመት በኋላ የዋሊን ወገን ያዘ። እስር ቤት ሳለ በመጸዳጃ ወረቀት ላይ ልብ ወለድ በጊኩዩ ቋንቋ ጻፈ፤ በ1994ም በስደት አገሩ በአሜሪካ «ሙቲሪ» የተባለ የጊኩዩ መጽሔት አቋቋመ። በሜይ 2025 እስኪሞት ድረስ ስለ ትራንዚሽን ያደረጋቸውን ንግግሮች ሁሉ ቢሰበስቡ፣ በእኔ አስተያየት፣ የሙቲሪን አንድ ቍጥር አያህሉም። ለአሮጌው መጽሔት ጥያቄ አዲስ መጽሔት በመመሥረት መልስ ሰጥቷልና።

የልደት ንግግር አንድ ክፉ ልማድ አለው፤ የሚያሳፍረውን ይዘላል። በ1967 በፓሪስ የነበረው የባህል ነጻነት ኮንግሬስ ገንዘቡን ከአሜሪካ የስለላ ድርጅት ያገኝ እንደ ነበር ተጋለጠ። ትራንዚሽንም ከዚሁ ኮንግሬስ እርዳታ ይቀበል ነበር። ይህን ያህል ስለ ነጻነት የጻፈ መጽሔት እንዲህ ካለ ከረጢት መብላቱ መራራ ነው፤ መጽሔቱን የምወድ ብሆንም አልሸፍነውም። በሚቀጥለው ዓመት በኦክቶበር የኡጋንዳ መንግሥት ኒዮጊን አሠረው፤ ምክንያቱ የምክር ቤት አባሉ አቡ ማያንጃ መንግሥትን የነቀፈበትን ደብዳቤ ማተሙ ነበር። ማያንጃም አብሮ ታሠረ። ኒዮጊ በ1969 ተፈታ፤ መጽሔቱ ግን በካምፓላ አልቀጠለም፤ በ1971 በጋና፣ በአክራ እንደገና ተነሣ።

አሁን ወደ ዎሌ ሶይንካ እንምጣ። ሶይንካን አብዛኛው ሰው በተውኔቱ ያውቀዋል፤ ይሁንና በ1965 «ዘ ኢንተርፕሪተርስ» የተባለ ልብ ወለድ አሳትሟል። እርሱም ከ1967 እስከ 1969 በናይጄሪያ ታስሮ ነበር። ይህ ሰው በአክራ የመጽሔቱን አዘጋጅነት ከኒዮጊ ተረከበ። የራሱን መጽሐፍ ሊጽፍበት የሚችለውን ጊዜ የሌላውን ረቂቅ ለማረም ሰጠ። መጽሔቱ በ1976 ተቋረጠ። በ1991 አሜሪካ ውስጥ መልሶ ያቆመው ሄንሪ ሉዊስ ጌትስ በካምብሪጅ የሶይንካ ተማሪ የነበረ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው ትራንዚሽን በ2011 50 ዓመት ሞላው ቢለኝ፣ የ15ቱን ዓመት ዝምታ ምን አደረግኸው እለዋለሁ። ዕድሜውን በቀን መቍጠሪያ ሳይሆን በወጡት ቍጥሮች መለካት ይሻላል። መጽሔቱ ራሱ በ1997 ያወጣው የመታሰቢያ ቍጥር እንኳ ከ1961 እስከ 1976 ከታተሙት ጽሑፎቹ ተመርጦ የተዘጋጀ ነው፤ ተናጋሪ ሳይሆን ጽሑፍ ጠራ።

የእኛይቱ መጽሔት ከማንም የስለላ ድርጅት ገንዘብ አትቀበልም፤ ቢሰጣትም ለወረቀት መግዣ የሚተርፍ አይመስለኝም። ያላት ከየኪሳችን የምናዋጣው ሳንቲም፣ የሚያስቸግር ማባዣና ቀለም የነካው የአዘጋጁ እጅ ነው። የሚጋበዘው ደራሲ ከመጣ አንድ ነገር ልጠይቀው አስቤአለሁ፤ ንግግሩን ትቶ ያላሳተመውን አንድ አጭር ልብ ወለድ ይስጠን፣ ወይም ከእኛ ረቂቆች ሦስቱን ይዞ ሄዶ በቀይ ቀለም አርሞ ይመልስልን። ለዚህ ግን ሦስት ረቂቅ መገኘት አለበት። እኔ ባለፈው ማክሰኞ አዘጋጁን በምግብ አዳራሹ በር ላይ አግኝቼ ልብ ወለዴን እንደ ጨረስሁ ነግሬዋለሁ፤ ዓርብ አምጣው ብሎኛል። ይህን ስጽፍ ረቡዕ ማታ ነው፤ የልብ ወለዱ ወረቀት ገና ነጭ ነው።