ሥራና መድኃኒት በአንድ ቋጠሮ

በዋሽንግተንና በአካባቢዋ ባሉ የሐበሻ ምግብ ቤቶች ቁጭ ብሎ ወሬ ያዳመጠ ሰው «ምን ላድርግ፣ ለኢንሹራንሱ ስል ነው» የምትለዋን ሳይሰማ አይወጣም። ፓርኪንግ የሚሠራው ይላታል፣ ኤርፖርት ሌሊቱን የምታነጋዋም ትላታለች፣ አለቃዋ ያማረራት ነርስም እንዲሁ። ደመወዙ ቢያንስም፣ ወገብ ቢቆርጥም፣ የልጆቹ ሕክምና በዚያ ሥራ ላይ ነውና ይቻላል። ይህን አገር ቤት ላለ ዘመድ ማስረዳት ያደክማል። አሠሪ በሠራተኛው ኩላሊትና በሚስቱ ምጥ ምን ጥልቅ አደረገው?

ጥልቅ ያደረገው ጦርነት ነው። በ1942 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) የአሜሪካ መንግሥት የዋጋ ንረትን ለመግታት ደመወዝ እንደ ልብ እንዳይጨመር አገደ። ሠራተኛ የጠፋባቸው ድርጅቶች በደመወዝ መሻማት ሲከለከሉ በጤና ኢንሹራንስ መሻማት ያዙ፤ እሱ ከእገዳው ውጭ ነበርና። የ1954ቱ የግብር ሕግ ደግሞ አሠሪው ለኢንሹራንስ የሚከፍለው ገንዘብ በሠራተኛው ላይ ግብር እንዳይታሰብበት አድርጎ ነገሩን አጸናው። ለክፉ ቀን የተበጀው መላ ይኸው እስከ ዛሬ ሥራንና ሕክምናን በአንድ ቋጠሮ አስሯቸዋል።

ቋጠሮው አጥብቆ ከሚይዛቸው መካከል ትራንስጀንደር ሰዎች ይገኙበታል። ሲወለዱ ከተመዘገበላቸው ጾታ በተለየ የሚኖሩ፣ ብዙዎቹም ለዚሁ ኢስትሮጅን ወይም ቴስቶስትሮን በሐኪም ትእዛዝ የሚወስዱ ናቸው። እዚህ ላይ ሲደርስ ገጹን ለመግለጥ እጁን የሚዘረጋ አንባቢ እንዳለ አላጣሁትም። በእምነቱ የማይቀበለውን ተቀበል አልለውም። ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ለዓመታት ሲወስድ የኖረ ሰው ከሥራ በተቀነሰ ማግስት የሚገጥመውን ግን አብሮኝ ይይ።

ፋርማሲ ውስጥ የሚሠራ አንድ ወዳጄ መስኮቱ ላይ የሚሆነውን እንዲህ ያጫውተኛል። ደንበኛዋ እንደ ወትሮዋ ሪፊሏን ልትወስድ ትመጣለች። ኮምፒውተሩ ኢንሹራንሱ መቋረጡን ይነግረዋል። ካርዷን ታወጣለች፤ ካርዱ ያው ነው፣ ቁጥሩም ያው ነው። «እስከ ወሩ መጨረሻ ይቆያል ብለውኝ ነበር» ትላለች፣ ድምጿን ዝቅ አድርጋ፤ ከኋላዋ የተሰለፉት እየሰሙ ነዋ። ወዳጄ ያለ ኢንሹራንስ ያለውን ዋጋ ይነግራታል፣ ፊቷ ሲለወጥ ያያል፣ ከዚያ ከስልክ ላይ የሚገኝ የቅናሽ ኮፐን አስገብቶ ደግሞ ሲያሰላው ዋጋው ከግማሽ በታች ይወርዳል። «ሰው የማያውቀው» ይለኛል፣ «መድኃኒቱ ርካሽ መሆኑን ነው።»

እውነቱን ነው። የኢስትራዲዮል እንክብል ዕድሜ የጠገበ፣ ብዙ ፋብሪካ የሚያመርተው መድኃኒት ነው። አብሮት የሚታዘዘው ስፓይሮኖላክቶንም ለደም ግፊት ሲሰጥ የኖረ ነው። በኮፐን ከተገዙ የየአንዳንዳቸው የወር ፍጆታ አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዶላር አያልፍም። ውድ የሚሆነው መድኃኒቱ ሳይሆን የሚታዘዝበት ወረቀት ነው። ስፓይሮኖላክቶን በደም ውስጥ ያለውን ፖታሲየም ከፍ ሊያደርግ ስለሚችል፣ ቴስቶስትሮንም ደምን ሊያወፍር ስለሚችል፣ ሐኪም ያለ ደም ምርመራ ማዘዝ አይወድም፤ አይገባውምም። በመጀመሪያው ዓመት ምርመራው በየሦስት ወሩ ገደማ ነው። ሐኪሙንና ላቦራቶሪውን ከኪስ መክፈል የሚያስከትለውን ቢል እዚህ የኖረ ሁሉ ያውቀዋል።

ቴስቶስትሮን ደግሞ የራሱ ጣጣ አለው። ስፖርተኞች ጡንቻ ለማፈርጠም ስለተጠቀሙበት ኮንግረስ በ1990 ባወጣው ሕግ ቁጥጥር ከሚደረግባቸው መድኃኒቶች ተራ ገባ። በዚህም የተነሳ አንድ የሐኪም ትእዛዝ ከስድስት ወር በላይ አያገለግልም፤ በእሱም መሙላት የሚቻለው ቢበዛ አምስት ጊዜ ነው። የስፖርተኞችና የጡንቻ ሠሪዎች ጥፋት ከሥራ በተቀነሰ ትራንስጀንደር ወንድ ላይ መዞሩ ይገርመኛል። ሥራ ቢያገኝም ባያገኝም ስድስት ወሩ ሳይሞላ አዲስ የሐኪም ትእዛዝ ማግኘት አለበት።

መድኃኒቱ ቢቋረጥስ ምን ይሆናል የሚል አለ። ቴስቶስትሮን ሲወስድ የነበረ ሰው ተቋርጦለት የነበረው የወር አበባ ሊመለስበት ይችላል። እንቁላል አመንጪው ወይም የዘር ፍሬው በቀዶ ሕክምና የወጣለት ሰው ደግሞ ሰውነቱ የራሱ የሆርሞን ምንጭ የለውም፤ ያለ ሆርሞን ሲከርም አጥንቱ ይሳሳል። መድኃኒቱን እንደ ቅንጦት የሚያዩ ሰዎች ይህን አያነሱም።

ሕጉ ያስቀመጠው የመጀመሪያው መውጫ ኮብራ ይባላል፤ ፕሬዚዳንት ሬገን በ1986 የፈረሙት ሕግ ነው። 20ና ከዚያ በላይ ሠራተኛ ካለው ድርጅት የወጣ ሰው የነበረውን ኢንሹራንስ እስከ 18 ወር ማቆየት ይችላል። ለትንንሾቹ ድርጅቶች ብዙ ስቴቶች የየራሳቸውን ሕግ አውጥተዋል። ችግሩ ሒሳቡ ነው። ኬኤፍኤፍ የተባለው የጤና ጥናት ድርጅት እንዳሰላው፣ በ2024 የአንድ ሠራተኛ ኢንሹራንስ በአማካይ በዓመት 8,951 ዶላር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ ከሠራተኛው ደመወዝ የሚቆረጠው 1,368 ብቻ። ወደ ኮብራ ሲገባ ሙሉው፣ ከ2 በመቶ ጭማሪ ጋር፣ በራሱ ጫንቃ ላይ ይወድቃል። በወር 114 ዶላር ሲከፍል የነበረ ሰው፣ ያውም ደመወዙ በቆመበት ወር፣ 760 አምጣ ይባላል።

ሆኖም ብዙ ሰው የኮብራውን ቅጽ የሚጥለው አንዷን ነገር ሳያነብ ነው። ለመወሰን 60 ቀን ይሰጠዋል፤ ከወሰነ በኋላም የመጀመሪያውን ክፍያ ለመክፈል ሌላ 45 ቀን አለው፤ ሽፋኑም ኢንሹራንሱ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ ይታሰባል። ስለዚህ ቅጹን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጦ፣ በመሃል ሌላ ሥራ ቢገኝ መተው፣ ሕመም ቢመጣ ደግሞ የኋላውን ሁሉ ከፍሎ መግባት ይቻላል። ይህን የሚያስረዳ ኤችአር አላየሁም። ሌይኦፍ በሚነገርበት ስብሰባ ላይ ሰው የሚጠየቀው ላፕቶፑንና ባጁን ነው። ባጁን ከመመለሱ በፊት ኢንሹራንሱ የሚያበቃው ዛሬ ነው ወይስ በወሩ መጨረሻ ብሎ ቢጠይቅ፣ ቀን ካለውም የ90 ቀን መድኃኒቱን በዚያው ሳምንት ቢያወጣ ትልቅ ነገር ነው።

ሁለተኛው መውጫ ኦባማ ኬርና ሜዲኬይድ ናቸው። ሰው ለራሱ ኢንሹራንስ የሚገዛበት የኦባማ ኬር ገበያ ሥራ ላጣ ሰው 60 ቀን ይከፈትለታል። ገቢው ዝቅ ላለ ሰው የቆመው የመንግሥት ኢንሹራንስ ሜዲኬይድ ደግሞ የመመዝገቢያ ወቅት የለውም፤ ስሌቱም የዓመቱን ሳይሆን የያዝነውን ወር ገቢ ስለሚመለከት ትናንት ጥሩ ደመወዝ የነበረው ሰው ዛሬ ሊገባበት ይችላል። በ2025 ሜዲኬይድን ባሰፉት ስቴቶች ጣሪያው ለአንድ ሰው በዓመት 21,597 ዶላር፣ በወር ሲሰላ ወደ 1,800 ነበር። ከዚያ በኋላ ያለው የስቴት ዕጣ ነው። ሜሪላንድ ከጥር 2024 ጀምሮ ሜዲኬይድ ለትራንስጀንደር ሰዎች የሚሸፍነውን ሕክምና በሕግ አስፍታለች። ብዙ ሐበሻ ያለባት ቴክሳስ ግን ሜዲኬይድን ከነጭራሹ አላሰፋችም፤ ልጅ የሌለው ጤነኛ ጎልማሳ ምንም ያህል ቢደኸይ አይገባበትም። በዲቪ የመጣ ሰው ደግሞ ብዙውን ጊዜ አምስት ዓመት መጠበቅ አለበት። በሰኔ 2025 የወጣው የፌዴራል ደንብም ከ2026 ጀምሮ በገበያው የሚሸጡ ኢንሹራንሶች ለትራንስጀንደር ሰዎች የሚሰጠውን ሕክምና ከግዴታ አገልግሎቶች ተርታ እንዳይቆጥሩት አድርጓል። ስለዚህ ወደ አዲስ ፕላን የሚገባ ሰው ከዋጋው በፊት ሽፋኑን አንብቦ መግባት አለበት። ሁሉም በር የተዘጋበት እንደ ገቢው የሚያስከፍሉ የማኅበረሰብ ጤና ጣቢያዎች አሉለት፤ ዋሽንግተን ውስጥ ከ1970ዎቹ ጀምሮ የሚሠራው ዊትማን ዎከር አንዱ ነው።

ቋጠሮው እነዚህን ሰዎች አጥብቆ የሚይዝበት ሌላም ምክንያት አለ፤ አንዳንዶቹ ከሥራ የሚባረሩት በማንነታቸው ነው። ሚሺጋን ውስጥ በቀብር አስፈጻሚ ድርጅት ለስድስት ዓመት ያህል የሠራችው ኤሚ ስቲቨንስ በ2013 ለአለቃዋ ደብዳቤ ጻፈች፤ ከእንግዲህ እንደ ሴት ለብሳ እንደምትመጣ የሚያሳውቅ ነው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ተባረረች። ክሷ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ፣ ሰኔ 15 ቀን 2020 ትራንስጀንደር በመሆን ብቻ ማባረር ሕገወጥ ነው ተብሎ ስድስት ለሦስት ሲፈረድ እሷ አልነበረችም። የኩላሊት በሽተኛ ነበረች፤ ከፍርዱ አንድ ወር ቀደም ብላ ግንቦት ላይ ሞታ ነበር። በ2022 ከ92,000 በላይ ትራንስጀንደር ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት ሥራ አጥነቱ 18 በመቶ ነበር። ሥራ ይዘው ከሚያውቁት 11 በመቶው በማንነታቸው የተነሳ ሥራቸውን አጥተዋል።

ወደ ቤታችን የሚገባው ጉዳይ የ26 ዓመቱ ሕግ ነው። እዚህ አድጎ ኮሌጅ የጨረሰ ልጅ ከመጀመሪያ ሥራው ሲቀነስ፣ 26 ዓመት እስኪሞላው የወላጁ ኢንሹራንስ ውስጥ መግባት ይችላል። ከኮብራ ይረክሳል፤ ለብዙዎቹ የተሻለው መንገድ ነው። ነገር ግን ኢንሹራንሱ የከፈለውን የሚዘረዝረው ደብዳቤ የሚላከው ለባለ ኢንሹራንሱ ነው፤ ማለትም ለአባት። ክሊኒኩንና ቀኑን ይነግረዋል፤ አንዳንዴም ምን እንደተመረመረ። ለቤተሰቡ ያልተናገረ ልጅ ከዚያ ደብዳቤ ይልቅ ያለ መድኃኒት መክረምን ቢመርጥ አልፈርድበትም፤ ጎረቤት ምን ይላል እያለ ያሳደገው እኛው ነን።

ደብዳቤው ወደ ሌላ አድራሻ እንዲላክ መጠየቅ ግን በፌዴራል ሕግ የተፈቀደ ነው፤ መረጃው መውጣቱ አደጋ ያስከትልብኛል ያለ ሰው ጥያቄ ውድቅ አይደረግበትም። ሜሪላንድ ለዚሁ የሚሆን ቅጽ አላት። የማኅበረሰባችን ማዕከላት ሠራተኞች የግሪን ካርድና የግብር ቅጽ ሲሞሉ የሚውሉ ጎበዞች ናቸው። ይህኛውን ቅጽ፣ ከአማርኛ ማብራሪያ ጋር፣ ከሌሎቹ አጠገብ ቢያስቀምጡትና ወጣቱ ማንንም ሳይጠይቅ አንስቶ ቢሄድ ማንም አይከፋበትም።