ከወሊድ በኋላ የሚቀረው የደም ብዛት ጉዳት

ነፍሰ ጡርን ሴት የሚይዛት የደም ብዛት ሕፃኑና የእንግዴ ልጁ ሲወጡ ዐብሮ የሚወጣ መስሎ ሲታሰብ ኑሯል። በውነቱም እብጠቷ ይጐድላል፤ ደሟም አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ሳምንታት ወደ ልኩ ይመለሳል። ስለዚህ ሕፃኑ ክርስትና በሚነሣበት በ40 ወይም በ80 ቀን ያን የጭንቅ ሰሞን የሚያስታውሰው አይገኝም። የቅርብ ዓመታት ምርመራ ግን ነገሩ እንዲህ ፈጥኖ ሊረሳ የማይገባው መሆኑን ይገልጣል።

ሕመሙ በሐኪሞች ዘንድ ፕሪኤክላምፕሲያ ይባላል። ከእርግዝናው 20ኛ ሳምንት በኋላ የደሙ ግፊት 140 በ90 ወይም ከዚያ በላይ ሁኖ በሽንት ውስጥ ፕሮቲን ሲገኝ ይታወቃል፤ ሲብስም ሴቲቱን ጥሎ ያንፈራግጣታል። የደም ሥሮችን የውስጥ ሽፋን የሚጐዳ ስለ ሆነ አንጎልም ከጉዳቱ ነፃ አይሆንም።

የዴንማርክ ሊቃውንት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ከ1978 እስከ 2015 ዓ.ም. የወለዱትን ከ1 ሚሊዮን የሚበልጡ ሴቶች መዝገብ መርምረው ውጤቱን በ2018 አሳትመዋል። ይህ ሕመም ይዟቸው በነበሩት ሴቶች ላይ ከአንጎል ደም ሥር መጐዳት የሚመጣው የመርሳት በሽታ፥ ካልያዛቸው ይልቅ ከ3 እጥፍ በላይ በዝቶ ተገኝቷል። ይህን ያነበበ ሁሉ እንዳይደነግጥ፥ ከነዚህ እናቶች የሚበዙት የመርሳት በሽታ እንዳልያዛቸው መነገር አለበት፤ ሁለቱ ተከታትለው መታየታቸውም አንዱ የሌላው ምክንያት መሆኑን ብቻውን አያስረዳም።

ለመንግሥት ሠራተኛ ከቍጥሩ ይልቅ የሚያስደንቀው መዝገቡ ነው። የወጣትነቷን ሕመም ከእርጅናዋ ሕመም ጋራ ያገናኘው አዲስ መሣሪያ ሳይሆን በሥርዓት ተጽፎ የተጠበቀ ወረቀት ነውና። ብዙ እናቶች በቤታቸው በሚወልዱባት በኢትዮጵያ ግን ይህ ታሪክ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በእናቲቱ ትዝታ ብቻ ነው፤ በሽታው የሚነካው ደግሞ ያንኑ ትዝታ ነው።

እንዲህ ያለችው እናት በኋላ ዘመኗ ደም ብዛትና ስትሮክ ከሌሎች ይልቅ ያሠጓታል። ደምን በየጊዜው ማስለካት፥ ጨው መቀነስ፥ ግፊቱ ከፍ ካለም መድኃኒቱን ሳያቋርጡ መውሰድ ስትሮክን እንደሚቀንስ የታወቀ ነው። መለኪያው በየጤና ጣቢያው ይገኛል፤ የሚጐድለው መጠየቅ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ በቤተሰቡ መዝገብ ላይ አንድ መስመር ብትጽፍበት፥ ቤቱን የሚያውቀው የንስሐ አባትም ከክርስትናው ቀን በኋላ «ደምሽን አስለክተሻል ወይ?» ቢል የሚከብድ አይደለም። የ60 ዓመት ሴት ራስ ምታት ይዟት በመጣች ጊዜም ሐኪሙ «በእርግዝናዎ ጊዜ ደም ብዛት ነበረብዎ?» ብሎ መጠየቅና መልሱን መጻፍ ይገባዋል።